ገበሬ የሌለበት የቤተ መንግሥት ድራማ

የጎንደር ወጣት ከጎንደር ቤተ መንግሥት ይልቅ የዋሽንግተኑን ያውቃል ብል የሚቀየመኝ ብዙ አይመስለኝም። ፋሲል ግቢ ውስጥ በአስጎብኚነት ስሠራ ደጋግሞ ይገጥመኛል። አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. ልጁ ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ይዞበት ጣና ደሴት ላይ እንደተገደለ፣ ልጅየውም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በተራው ተወግቶ እንደሞተ ለተማሪዎች ስተርክ፣ አንዱ ከኋላ «ይሄማ ሃውስ ኦፍ ካርድስ ነው!» ይላል፤ የዋሽንግተንን ሴራ የሚያሳየውን የኔትፍሊክስ ድራማ ማለቱ ነው። ሌሎቹ ይስቃሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የታወቀ ነው፦ «አፄ ኢዮአስ የታነቀው የትኛው ክፍል ነው?»

እዚህ ኔትፍሊክስ ከፍሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካልከፈለለት በቀር አይሞከርም። ሌላው ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ወይም ፊልም ቤት ሄዶ በፍላሽ ያስጭናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልሉ ግጭት በርትቶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ተከታታይ ፊልም የማያይ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ማየቱን አልነቅፍም፤ እኔም ሳይ አመሻለሁ። ቅሬታዬ በምርጫችን ላይ ነው። ፖለቲካ ማለት ሦስት ሰው በር ዘግቶ የሚዶልተው ነገር ነው የሚሉ ድራማዎችን እየለቀምን ስለምናይ፣ ዜናውንም በዚያው ዓይን መስማት ጀምረናል። ካፌ ቁጭ ብለን የአንድ ሹም መሻር ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከጀርባው ማን አለ?» ነው። የወረዳው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ለምን እንዳጣ የሚጠይቅ ግን የለም።

የሴራን መጨረሻ ለማወቅ ጎንደሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1761 ዓ.ም. የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገድለው ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሡ፤ እሱም መንፈቅ ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ማንገሥና ማውረድ የባለ ጦሩ ሥራ ሆኖ 86 ዓመት ቆየ፤ ዘመነ መሳፍንት የምንለው ይህን ነው። ፍጻሜው ደግሞ ስሜን ጃናሞራ ውስጥ ነው። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ እነግሥበታለሁ ብለው ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ድል አደረጓቸውና በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የቀቧቸውም የውቤ ወዳጅ የነበሩት አቡነ ሰላማ ናቸው።

ይህን ስተርክ ተማሪው ሁሉ ዓይኑ ይበራል። ወገራን ስጠራ ግን ሰዓቱን ያያል። ወገራ የጎንደር ጎተራ ነበር። ጦር ወደ ስሜን ሲወጣም ሲመለስም ገበሬው ቤት ይሰፍር፣ እህሉን ይበላ፣ በሬውን ያርድ ነበር። የመሳፍንቱን ሴራ ዋጋ የከፈለው ይህ ሰው ነው፤ በድራማችን ውስጥ ግን የለም።

ሌላ ዓይነት ድራማም አለ። የዴንማርኩ «ቦርገን» ቢርጊተ ኒቦርግ የተባለች ጠቅላይ ሚኒስትር ጥምር መንግሥት ለመመሥረት ከትንንሽ ፓርቲዎች ጋር ስትደራደር፣ ለአንድ ሕግ ድምፅ ስትለምን፣ በዚሁ ሁሉ መሐል ትዳሯ ሲላላ ያሳያል። የዩክሬኑ «የሕዝብ አገልጋይ» በአጋጣሚ ፕሬዚዳንት የሆነ የታሪክ መምህርን ያሳያል፤ መምህሩን ሆኖ የተወነው ዘለንስኪ በ2011 ዓ.ም. እውነተኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ፋና ቴሌቪዥን ላይ የታየው «ምን ልታዘዝ» አገርን በአንድ ካፌ ውስጥ አስገብቶ እያሳቀ ሞግቷል። አርትስ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበው «እረኛዬ» ደግሞ የገጠር ሰው የድራማ ዋና ባለታሪክ መሆን እንደሚችል አሳይቷል። እነዚህን ሁለቱን ያገናኘ፣ ሥልጣን ገበሬው ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሥራ ግን እስካሁን አላየሁም።

የጎንደሩ ልጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ከስድሳ ዓመት በፊት ገደማ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ሲጽፍ በእጁ የነበረው ብዕር ብቻ ነው። ዛሬ ካሜራ አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ ግንቡም እዚሁ ነው። ስለዚህ ደራስያን ሆይ፣ ዘመነ መሳፍንትን ስትጽፉ ከዙፋኑ ክፍል ሳይሆን ከወገራ፣ ከዳባት ገበሬ ጓሮ ጀምሩ። ተመልካችም ብትሆን ፖለቲካ ያለበት ፊልም ባየህ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ እዚህ ላይ የሚበላውን እህል ያመረተው ማን ነው? መልሱ ፊልሙ ውስጥ ከሌለ፣ ያየኸው የፖለቲካውን ግማሽ ብቻ ነው።