የአርማታ ዕድሜና የሮቤ ብርድ

በሮቤም ሆነ በጎባ ፎቅ በሚሠራበት ስፍራ ቆሞ የተመለከተ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማው አይቀርም። አርማታው በተሞላ በሰባተኛው ቀን ኩቡ በመጭመቂያ መኪና ይሰበራል፤ ውጤቱም በ28 ቀን ሊደርስበት ከሚገባው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛውን ሳይሞላ ይቀራል። ወዲያው ተቈጣጣሪው «ሲሚንቶ ይጨመር» ይላል።

ይህ የሁለት ሦስተኛ ልማድ የተወለደው ከኦፒሲ ሲሚንቶ ነው። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ግን ከክሊንከሩ ከፊሉ ተቀንሶ በምትኩ ፑሚስ የተፈጨበት ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲቃጠል 800 ኪሎ ያህል የካርቦን ጋዝ ስለሚወጣ፥ ይህ ቅነሳ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ፑሚሱ ከክሊንከሩ የሚወጣውን ኖራ እየጠበቀ ቀስ በቀስ የሚሠራ በመሆኑ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ሰነፍ ይመስላል፤ ከ28 ቀን በኋላም መጠንከሩን አያቋርጥም። የሲናና ገበሬ እንኳ ቡቃያውን አይቶ ምርቱን ከመገመቱ በፊት የዘሩን ዓይነት ይጠይቃል። እኛ ግን ዓይነቱን ሳንጠይቅ ሲሚንቶ ስንጨምር ገንዘቡም ይባክናል፥ የተቈጠበው ጋዝም ተመልሶ ይወጣል።

እንዲሁ ዝም ብለን እንጠብቅ ማለቴ አይደለም። ካሳፎርማው ያለ ጊዜው ቢነሣ የሚሞተው ከሥሩ ያለው ሠራተኛ ነው። ደግሞም ኩቡ በቤተ ሙከራ በ20 ዲግሪ ውሃ ተኝቶ ሲደላው፥ ሶሌታው የባሌን ሌሊት በሜዳ ያድራል። የአርማታን ብስለት የሚያሰሉ ሰዎች በሙቀቱ ላይ 10 ደምረው በሰዓቱ ያባዙታል፤ በዚህ ሒሳብ በአማካይ 10 ዲግሪ ላይ ያለው ሶሌታ በ3 ቀን የሚደርስበትን ኩቡ በ2 ቀን ይጨርሰዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በሶሌታው ውስጥ የሚቀበር የሙቀት መለኪያና የሚመዘግብ ሰው ብቻ ነው።

ፈጥኖ ማወቅ ለሚፈልግም የማፍላት ፈተና አለ። ኩቡ 23 ሰዓት ከቆየ በኋላ ለ3 ሰዓት ተኩል በፈላ ውሃ ተቀቅሎ፥ ጥቂት ቀዝቅዞ ይሰበራል። ዳሩ ግን ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ሰንጠረዥ እዚህ አያገለግልም። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስላለች፥ ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የጎባ እናቶች የባቄላ ንፍሮ ከድሬዳዋ ይልቅ ብዙ እንጨት እንደሚፈጅ ያለ መጽሐፍ ያውቁታል!

ስለዚህ ሰንጠረዡ የራሳችን ይሁን። በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚሁ አገር አሸዋና ጠጠር ኩብ እየሠሩ፥ ከፊሉን አፍልተው በማግስቱ፥ ከፊሉን በ7፥ በ28ና በ56 ቀን ቢሰብሩ፥ የመጀመሪያው ቀን ስለ ሁለተኛው ወር ምን እንደሚናገር ይታወቃል። የውል ሰነድ የምታዘጋጁ ወጣት ሹማምንትም የመሠረት አርማታ በ56 ቀን ጥንካሬው እንዲመዘን ፍቀዱ፤ መሠረቱ ሙሉ ሸክሙን የሚያየው ጣሪያው ከተመታ፥ ሰውም ከገባበት በኋላ ነውና።