ኮምፒዩተሩ ሳይሞት አይቀበር



ለአንባብያን አስተያየት በተመደበው ዓምድ ይህችን ደብዳቤ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች በየጊዜው የምናየው፤ ባለጉዳዩም በየጊዜው የሚጉላላበት ስለሆነ ዝም ብዬ ለማለፍ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

እኔ የምሠራው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈሩ ስም የመጣው ከሽቦ አልባው ስልክ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኛን ያስቸገረን ግን ባለ ሽቦው ዕቃ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጧት መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ብልጭ ብሎ ጠፋና እንደገና መጣ። ከሦስቱ ኮምፒዩተሮቻችን ሁለቱ ተነሡ፤ ሦስተኛው ግን ቁልፉን ብንጫነው፤ ገመዱን ነቅለን ብንሰካው፤ ድምፅም ብርሃንም አልሰጥ አለ። ከበስተኋላው ትንሽ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ወዲያው «ተበላሽቷል» ተብሎ ተጻፈበትና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደ። በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የነበረው የቀድሞ ሠራተኞች ማኅደር መዝገብ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሃና ማርያም አካባቢ አንድ አዛውንት መጡ። ለጡረታቸው የሚሆን የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ፈልገው ነው። «አባባ፤ ኮምፒዩተሩ ስለተበላሸ በሌላ ቀን ይመለሱ» አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው «ልጄ፤ የተበላሸው ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ የእኔ ፋይል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ግን እኔም አላውቀውም፤ ከእኔ በላይ ያሉትም አያውቁትም ነበር። ስለዚህ አዛውንቱ አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ አራት ጊዜም ያንኑ ቃል ሰምተው ሄዱ።

መልሱን ያገኘነው ከሌላ ክፍል ከመጣ አንድ በቴክኒክና ሙያ ከተማረ ወጣት ባልደረባችን ነው። እንዳስረዳን፤ ኮምፒዩተር አንድ ዕቃ አይደለም፤ ብዙ ዕቃ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተሰበሰበበት ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት አውርዶ ለሌሎቹ ክፍሎች የሚያድል ፓወር ሰፕላይ የሚባል አንድ የብረት ሣጥን ከበስተኋላ አለ። ፋይሉ የሚቀመጠው ግን ሃርድ ዲስክ በሚባለው በሌላው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ሲሞት ሁለተኛው የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። የቤታችን ቆጣሪ ቢወድቅ ምጣዱን አውጥተን የምንጥል የለንም፤ በመሥሪያ ቤት ግን ይህንኑ እናደርጋለን። በርግጥ አልፎ አልፎ ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞት ይሄዳል፤ ቢሆንም ይህን የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ ግምት አይደለም።

ምርመራውም የሚያስፈራ ሆኖ አላገኘሁትም። ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሶኬቱንና ዲቫይደሩን በሌላ ዕቃ ሞከረ፤ ገመዱንም ለወጠ። ቀጥሎ በሣጥኑ ጀርባ ያለችውን ማብሪያ ተመለከተ። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ 115ና 230 የሚል ቀይ ማዘዋወሪያ አለ፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ምንጊዜም በ230 ላይ መሆን ይገባዋል፤ አንድ ሰው አቧራ ሲጠርግ ሳያውቅ ወደ 115 ቢያዞረው ሣጥኑ እንደ በራ ይቃጠላል። ይህም ሁሉ ደኅና ሆኖ ሲያገኘው፤ ገመዱን ነቅሎ፤ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ባለ 24 ቀዳዳ መሰኪያ አወጣና አረንጓዴውን መስመር ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘው። ከዚያ በኋላ መልሶ ሰካው። ደኅና ፓወር ሰፕላይ ቢሆን ማራገቢያው ይዞር ነበር፤ የእኛው አልዞረም። ይህ ሁሉ ሻይ እስኪፈላ ድረስ አልፈጀም።

ነገር ግን ማንም ይህን አንብቦ ሣጥኑን ራሱን በመፍቻ እንዳይከፍት አደራ እላለሁ። በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለም በኋላ 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ሰው ይገድላል። ፓወር ሰፕላይ እንዳለ አውጥተው እንዳለ ይተኩታል እንጂ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ አይጠገንም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የቀረው መተካት ብቻ ነበር፤ ችግራችንም የጀመረው ከዚሁ ላይ ነው። በግምጃ ቤቱ ውስጥ በሌላ ምክንያት የሞተ ሌላ ኮምፒዩተር ነበረና የእርሱን ፓወር ሰፕላይ እናውጣ ብለን ጠየቅን። የንብረት ሠራተኛው «በካርዱ ላይ የተመዘገበው አንድ ኮምፒዩተር ነው፤ ሆዱን አውጥታችሁ ለሌላው ስትሰጡት በቆጠራ ቀን ምን ብዬ ላስቆጥር?» አለን። እኔ ይህን ሰው አልወቅሰውም። ከዚህ በፊት ከተቀመጡ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ሚሞሪ እየተፈታ ጠፍቶ ተጠያቂ የሆነው እርሱ ነው። በሞዴል 19 ያስገባውን ዕቃ በሞዴል 22 ካልሆነ አያወጣም፤ ለግማሽ ኮምፒዩተር ደግሞ እስካሁን ድረስ በመሥሪያ ቤታችን የታወቀ ወረቀት የለም። ስለሆነም ጉዳዩ ወደ ግዥ ክፍል ሄደ፤ ለአንዲት ሣጥን ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ ፈራሚው ለስብሰባ ወጥተው ነበርና ተጠበቁ፤ በዘጠነኛው ሳምንት ዕቃው ከመርካቶ ተገዝቶ መጣ። አራት ብሎን ፈትቶ ለመተካት ሃያ ደቂቃ በቃ። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ከመዝገቡም አንድ ፊደል አልጎደለም ነበር። የአዛውንቱ ማስረጃ በዚያው ዕለት ታተመ። እርሳቸው ግን በዚህ መካከል ሁለት ወር ሙሉ ያለ ጡረታ አበል ቆይተዋል፤ በመጨረሻው ቀን የመጡትም ከጎረቤት በተበደሩት የታክሲ ገንዘብ እንደ ነበር ነግረውኛል።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ፓወር ሰፕላይ በአላቂ ዕቃ ስም አስቀድሞ ገዝቶ ቢያኖር ማንን ይጎዳል? ዋጋው ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር አይወዳደርም። ከሞተው ወደ ሕያው የሚዛወር ክፍልም በሁለቱም ካርድ ላይ ተጽፎ፤ አውጪና ተቀባይ ፈርመውበት እንዲያልፍ አንድ ቅጽ ቢዘጋጅ የንብረት ሠራተኛውም ከሥጋት ይድናል፤ ሌባውም ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ግን፤ ኮምፒዩተር «ተበላሽቷል» ተብሎ ከመውረዱ በፊት ሃርድ ዲስኩ በዚያው ቀን ወጥቶ በደኅናው ኮምፒዩተር ላይ ይሰካ። ይህን ብናደርግ ኖሮ አዛውንቱ ሐሙስ ጉዳያቸው ባለቀ ነበር።

ለሚገዙትም ሁለት ቃል ልጨምር። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጠባብ ሆነው የተሠሩት ኮምፒዩተሮች የራሳቸው መጠንና የራሳቸው መሰኪያ አላቸውና አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይሻላል። በላዩ የተጻፈውን ዋት ብቻ አይመኑ፤ በእጅ ሲያነሡት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልለውን ይተዉት። የወጣውንም አሮጌ ለቆራሌው መስጠት አይገባም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በ2010 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 425 ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

መብራት ሲሄድ ገመዱን መንቀልና ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ እኛው ሠራተኞቹ ልናደርገው የምንችለው ነው። ውኃ ማፍያውንም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ የምንሰካ አለን፤ እኔም ራሴ እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

በግምጃ ቤታችን አሁንም «ከአገልግሎት ውጭ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው አምስት ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ይገኛሉ። አንዳቸውም አልተመረመሩም፤ በውስጣቸው የማን ማኅደር እንዳለም የሚያውቅ የለም። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ የበላይ ኃላፊያችን ካሉ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤቱ እንዲከፈትልንና ወጣቱ ባልደረባችን ከንብረት ሠራተኛው ጋር ሆኖ እንዲፈትሻቸው እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ