ታይዋን (ድሬዳዋ)

ታይዋን በምሥራቅ ኢትዮጵያ በድሬዳዋ ከተማ የሚገኝ የገበያ ሥፍራ ነው። ስሙ ርካሽ ኤሌክትሮኒክስና አልባሳት በማምረት የታወቀችው የሩቅ ምሥራቅ ደሴት ስም ነው። በገበያው ልብስ፣ ጫማ፣ ሞባይል ስልክ፣ ሽቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃና የታሸገ ምግብ ይሸጣል። ከቀፊራና ከአሸዋ ገበያዎች ጋር ከተማዋ በመላ አገሪቱ «ዕቃ በርካሽ የሚገኝባት» ተብላ እንድትታወቅ ካደረጉት ሥፍራዎች አንዱ ነው። የዋጋው ርካሽነት በከፊል ቀረጥ ሳይከፈልበት ከሚገባ ዕቃ፣ ማለትም ከኮንትሮባንድ ስለሚመጣ፣ የገበያው ዕጣ ከአገሪቱ የጉምሩክና የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲ ጋር የተያያዘ ነው።

መልክዓ ምድር

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ከዚራና መጋላ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ይከፍላታል። ከዚራ በባቡር ኩባንያው ዘመን በፕላን የተሠራ፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ዛፍ የተተከለባቸው ሠፈር ነው። መጋላ ደግሞ የነጋዴውና የገበያው ሠፈር ነው። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ለከተማዋ ንግድ ዋናው የመልክዓ ምድር ጉዳይ ግን ለባሕር ያላት ቅርበት ነው። የጅቡቲ ወደብ በአሮጌው ባቡር ሐዲድ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሶማሌላንድ ድንበርም ሩቅ አይደለም። በመካከል ያለው ቆላ ሰፊና ሰው የሳሳበት ሲሆን፣ ከኬላ ውጭ ብዙ የግመልና የእግር መንገዶች አሉት። በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ በቋንቋና በዝምድና የተሳሰረ ስለሆነ፣ በመንግሥት ዘንድ ኮንትሮባንድ የሚባለው ለአካባቢው ሰው ብዙ ጊዜ ተራ ንግድ ነው።

ታሪክ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣት አስቸጋሪ ስለነበር በቆላው በኩል ታጥፎ በ1895 ዓ.ም. አሁን ከተማዋ ያለችበት ሥፍራ ደረሰ። ቦታዋም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ሥራውን ስላቋረጠ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለተወሰኑ ዓመታት ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ ነበረች። ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር የሚጫነው፣ ቡናና ቆዳም ወደ ባሕር የሚላከው ከዚህ ነበር። የአረብ፣ የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎችም በዚያው ዘመን ሰፈሩባት።

የባቡሩ ዘመን ያልተመዘገበ ንግድንም አብሮ አሳደገ። ዕቃን በትንሽ በትንሹ በሻንጣና በጥቅል እየያዙ በባቡር የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ የከተማዋ መለያ ሆነው ቆይተዋል። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ አገር ስትሆን ሐዲዱ የሁለት አገሮች ሆነ። በዚያው ዓመት በሶማሊያ ጦርነት ከተማዋ ተጠቃች፤ ሆኖም አልተያዘችም።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋና የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ግን ድሬዳዋን የተጠበቀውን ያህል አልጠቀማትም፤ የጭነት መኪናዎቹ የሚያልፉት በጋላፊና በሚሌ በኩል ስለሆነ ነው። አሮጌው ባቡርም እያረጀ ሄዶ ሥራው ተዳከመ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር፣ ጣቢያው የተሠራው ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ በለገሃር ዙሪያ የነበረው የጫኝና አውራጅ፣ የምግብ ቤትና የአልጋ ሥራ አብሮት አልመጣም።

አስተዳደር

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ከነገጠሩ 341,834 ነዋሪዎች ነበሩት። ከነዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ኦሮሞ፣ ሩብ ያህሉ ሶማሌ፣ አንድ አምስተኛው ደግሞ አማራ ነበሩ። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ሁለቱም ከተማዋ ይገባናል በማለታቸው በፌዴራል መንግሥት ሥር እንድትቆይ ተደርጓል፤ ቻርተር ያገኘችውም በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 416 ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ አዲስ አበባ አንቀጽ ሲኖረው፣ ስለ ድሬዳዋ ግን አንድም ቃል የለውም። የምክር ቤትና የሥልጣን ቦታዎች በተለምዶ «40፡40፡20» በሚባለው ድርሻ ለኦሮሞ፣ ለሶማሌና ለሌሎች ሲከፋፈሉ መቆየታቸው ተደጋጋሚ ቅሬታ አስነሥቷል።

ይህ አቋም ለታይዋን ጉዳይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት በገቢና ወጪ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ የፌዴራል መንግሥት ገቢ ነው። ኮንትሮባንድ ሲቀንስ ገቢው የሚጨምረው ፌዴራል መንግሥት ሲሆን፣ ሱቁ ሲዘጋ ሥራ ያጣውን ወጣት የሚጋፈጠው ግን የከተማው አስተዳደር ነው። ቁጥጥሩ አንዴ እየጠበቀ አንዴ እየላላ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምጣኔ ሀብት

ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ከተማዋ ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ስታመርት ኖራለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደህናው ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። ሲዳከም ግን ብዙ ቤተሰቦች ወደ ንግድ ዞሩ። ቀረጥ ያልከፈለ ልብስ በገበያ መብዛቱ ቀረጥና ግብር የሚከፍለውን ፋብሪካ የጎዳ ሲሆን፣ ከፋብሪካ የወጣውን ሠራተኛ ያስጠለለውም ያው ገበያ ነው።

የታይዋን ዋጋ በሁለት ልዩነቶች ላይ ይቆማል። አንደኛው ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደራርበው በሕጋዊው ዕቃ ላይ የሚጨምሩት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ዶላር ነው። ሕጋዊ አስመጪ የባንክ ወረፋ ሲጠብቅ፣ የድንበር ነጋዴ ግን ጫት፣ ከብትና ግመል ወደ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል። ዶላሩም ዕቃውም በባንክ ደብተር አይታዩም።

የወቅቱ ሁኔታ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ። ዓላማው ዶላር መቆጠብ ቢሆንም፣ በሕጋዊ መንገድ የማይገባ ዕቃ ፈላጊ እስካለው ድረስ በሌላ መንገድ መግባቱ አይቀርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እገዳው ተነሣ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለውጡ በገበያው ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት። የባንክና የጥቁር ገበያ ዋጋ ሲቀራረብ የኮንትሮባንድ ትርፍ ይጠባል። በሌላ በኩል ቀረጥ የሚሰላው በብር በተተመነ ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ዶላር ሲወደድ ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው ቀረጥ በብር ያድጋል፤ ቀረጡን መሸሽም እንደገና አትራፊ ይሆናል።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ተመርቋል። ቀጠናው ለወደብ ያለውን ቅርበት ወደ ሥራ የመለወጥ ሐሳብ ሲሆን፣ ታይዋን ያለ ፈቃድ ሲያደርገው የኖረውም ከዚሁ ቅርበት የመነጨ ነው። ልዩነቱ የመግቢያ ደጁ ነው። ቀጠናው መጋዘን፣ ካፒታልና ፈቃድ ላለው ባለሀብት የተዘጋጀ ነው፤ በታይዋን ግን በብድር የተያዙ ጥቂት ሸሚዞች ለመጀመር ይበቃሉ። ለአነስተኛ ነጋዴ የሚሆን ቀላል የፈቃድና የቀረጥ ሥርዓት ካልታከለበት፣ ቀጠናው ከገበያው ጎን ይቆማል እንጂ አይተካውም። ዕቃ መውረስ ብቻ ደግሞ የነጋዴውን ዕዳ ያበዛል፤ የሚቀጥለውን ጭነት ግን አያስቀርም።