ስምንት ጥንድ ይዞ መጨመር ወይስ መክፈል?

ዘንዘልማ በሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ አንድ ተማሪ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ፖከር ይጫወታል እንበል። ከኢትዮጵያ ሆኖ የውጭ ፖከር ቤት ሂሳብ መሙላት ቀላል ስላልሆነ የሚጫወተው በነፃ በሚታደሉ ቺፖች ነው። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው፦ እያንዳንዱ ሁለት ካርታ በእጁ ይይዛል፤ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ደግሞ መሐል ላይ ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ (ፍሎፕ)፣ ቀጥሎ አራተኛው (ተርን)፣ በመጨረሻም አምስተኛው (ሪቨር)። ከእያንዳንዱ በኋላ ውርርድ አለ።

የእኛ ሰው ቢግ ብላይንድ ላይ ተቀምጦ 100 ቺፕ በግዴታ አስቀምጧል። ከፍሎፕ ጀምሮ በመጨረሻ የሚናገረው፣ በተን ላይ ያለው ተጫዋች፣ ወደ 250 ከፍ አደረገ። በግዴታ 50 ያስቀመጠው ሌላኛው ሰው ካርታውን ጣለ። የእኛው 8 እና 7 ይዞ የጎደለውን ሞላ፤ መሐል ላይ 550 ተከማቸ። ፍሎፑ ስፔድ 8፣ ዳይመንድ 5፣ አበባ 2 ሆነ። ቀድሞ መናገር ያለበት እሱ ነውና ቼክ ብሎ አሳለፈ። በተኑ 180 ወረወረ። አሁን መጣል ይችላል፣ 180ውን ከፍሎ ማየት (ኮል) ይችላል፣ ወይም ወደ 600 ማስጨመር ይችላል። አሳልፎ ሲያበቃ ዞሮ ማስጨመር ቼክ ሬዝ ይባላል። መጣል እዚህ ላይ አያከራክርም። 180 ከፍሎ 910 ለሚሆን ድምር መፎካከር የሚጠይቀው 20 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ብቻ ነው፤ የስምንት ጥንድ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሙግቱ በቀሪዎቹ ሁለት መካከል ነው።

ቀድሞ መናገር ለምን እንደሚጎዳ ሰንጠረዥ (ቼዝ) ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። የአገራችን ሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሕግ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ጽፈውታል። በወረራ ጊዜ ብልጥ ተጫዋች የራሱን ጠጠር እየገፋም ዓይኑ ከባላጋራው አሰላለፍ ላይ አይነሳም። በፖከር ግን ማየትን የሚሰጠው ብልጠት ሳይሆን ወንበር ነው። በተኑ በፍሎፕም፣ በተርንም፣ በሪቨርም የእኛን ሰው ውሳኔ አይቶ ይወስናል።

ከፍለህ እይ የሚሉት ወገኖች የሚነሱትም ከዚህ ነው። ቀድሞ የሚናገር ሰው ድምሩን ማሳበጥ የለበትም ይላሉ። ኮል ካለ መሐል ላይ 910 ይሆናል። ወደ 600 አስጨምሮ ከተከተሉት ግን 1,750 ይሆናል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለቱም 10,000 ይዘው ከጀመሩ፣ አንድ ጥንድ ብቻ ይዞ፣ በጨለማ እየተናገረ፣ ያን የሚያህል ድምር ሁለት ዙር መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ደግሞስ 600 ሲቀመጥ ማን ይከተላል? 9 ጥንድ፣ 10 ጥንድ፣ አስ ከ8 ጋር የያዘ ይከተላል። ባዶ የያዘው ይሸሻል። ስለዚህ እሱ የሚያሸንፈውን እጅ አባርሮ እሱን የሚያሸንፈውን ያስቀራል፤ ጥሩ የነበረ እጅ ሳያስበው ብሎፍ (የባዶ እጅ ማስፈራሪያ) ይሆንበታል። በተኑ መልሶ ወደ 1,500 ቢያስጨምርበትስ? አብዛኛውን ጊዜ ይጥላል። 180 ከፍሎ ተርኑን በሰላም ማየት ሲችል 600 አውጥቶ ምንም ሳያይ ወጣ።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሳ መከራከሪያ አላቸው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው። መካከለኛ እጆቹን ሁሉ የሚያስጨምርባቸው ተጫዋች ኮል ሲል የሚቀሩት ደካሞቹ ብቻ ናቸው። በተኑ ይህን ካወቀ ኮል ባለ ቁጥር ተርንና ሪቨር ላይ በትልቅ ውርርድ ያስጨንቀዋል። የስምንት ጥንድ ኮል ውስጥ መቅረቱ ለሌሎቹ ደካማ እጆች ጋሻ ይሆናቸዋል።

አስጨምር የሚሉት ደግሞ ፍሎፑን ቁጠሩ ይላሉ። ከ52 ካርታዎች የእኛ ሰው የሚያያቸው አምስት ናቸው፤ 47 ይቀራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ9 እስከ አስ ያሉት 24 ናቸው፤ ከግማሽ በላይ። ተርኑ ላይ ከስምንት የሚበልጥ ካርታ ሲወርድ የእኛ ሰው ጥንድ ከላይ መሆኑ ይቀርና ጥርጣሬ ይጀምራል። በተኑ ኪንግና ጃክ ይዞ ከሆነ እስከ ሪቨር ድረስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ሩብ ገደማ ነው። ኮል ማለት ለዚህ ሰው ሩብ ዕድሉን በርካሽ መሸጥ ነው ይላሉ። 180 በ550 ላይ ትንሽ ውርርድ ናት፤ እንዲህ በትንሹ የሚወረውር ሰው ደግሞ የሚወረውረው በአብዛኛው እጁ ነው፣ ባዶውንም ጨምሮ። ሒሳቡም አለ፦ የእኛ ሰው ከአራት እጅ ሦስቱን ይዞ ካልቀጠለ በተኑ ካርታውን ሳያይ እንኳ 180 እየወረወረ ያተርፋል። ያን ያህል እጅ በኮል ብቻ መከላከል ከባድ ነው። የሚያስጨምርበትም ሁልጊዜ ሦስት 8 ወይም ያልሞላ ተከታታይ ብቻ ከሆነ፣ አስተዋይ ባላጋራ ቶሎ ያነበዋል።

እዚህ ላይ ክፈል ባዮች አንድ ጥሩ መልስ አላቸው። ወደ 600 ሲጨመርበት ኪንግና ጃክ የያዘው ሰው 420 ከፍሎ ለ1,750 ይፎካከራል፤ 24 በመቶ ያስፈልገዋል፣ ያለውም ወደ 25 ነው። በመጨረሻ የሚናገረውም እሱ ነው። ስለዚህ ቢከተል ትልቅ ስህተት አልሠራም፤ «አባረርኩት» የሚለው ደስታ ባላጋራው ስለሚፈራ እንጂ ስለሚሳሳት የሚገኝ አይደለም።

የሚገርመው፣ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ ማስጨመር አሁን ዘመናዊ ተብሎ ቢወራም በመጽሐፍ ከወጣ ቆይቷል። ዴቪድ ስክላንስኪ በ1987 (እ.ኤ.አ.) «ዘ ቲዎሪ ኦፍ ፖከር» በተባለው መጽሐፉ ቼክ ሬዝ የሚስማማው መሪ ለሚመስል፣ ግን ለባላጋራ ነፃ ካርታ እስከመስጠት ለማይደርስ እጅ ነው ይላል፤ ከኋላ ያለው እንደሚወራረድም እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። የስምንት ጥንድ በ8-5-2 ላይ ይህን መለኪያ ያሟላል። በአንዳንድ የቤት ጨዋታዎች ደግሞ ቼክ ሬዝ ከነጭራሹ ክልክል ነበር፤ ደካማ መስሎ ማጥመድ ለወዳጆች ማዕድ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ። ይሉኝታ የእኛ ብቻ አይደለችም።

ኮምፒውተሮቹ ሙግቱን ይፈቱታል ተብሎ ነበር። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውርርዱ መጠን የተገደበውንና ሁለት ሰው ብቻ የሚጫወተውን ሆልደም በተግባር ጨርሰው እንደፈቱት አስታወቁ። በ2017 ቱዎማስ ሳንድሆልምና ኖአም ብራውን የሠሩት ሊብራተስ ፒትስበርግ ላይ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ ረታ። በ2019 የመጣው ፕሉሪበስ ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ አሸነፈ፤ ቀድሞ ተናጋሪው ቼክ ሳይል ራሱ ውርርዱን መክፈቱን፣ ባለሙያዎች እንደ ጀማሪ ስህተት የሚቆጥሩትን ማለት ነው፣ ከእነሱ አብዝቶ ያደርገው ነበር። እንግዲህ ከመክፈልና ከማስጨመር ውጭ ሦስተኛ መንገድም ነበረ። ዛሬ ተጫዋቾች የሚለማመዱባቸው፣ ሶልቨር የሚባሉት ፕሮግራሞች ግን እንዲህ ላለው እጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ ቅይጥ ነው፦ አንዳንዴ አስጨምር፣ አንዳንዴ ክፈል። ቅይጥ ማለት የሁለቱ ትርፍ እኩል ነው ማለት ነው። ፍጹም ባላጋራ ፊት የሚያከራክር ነገር የለም። ክርክሩ የሚኖረው ባላጋራው ሰው ሲሆን ነው።

ፍሎፑ ኪንግ-8-4 ቢሆን እኔም ብዙ አልከራከርም፤ ይከፈላል። በተኑ ኪንግ የያዘባቸው እጆች ብዙ ናቸው፣ ከላይ ወርዶ የሚያስደነግጠውም ካርታ አስቀድሞ ወርዷል።

ወደ 8-5-2 ስንመለስ፣ ጥሩ ተጫዋች በተን ላይ ካለ እኔ ወደ ኮል አደላለሁ፤ የወንበሩን ጥቅም እስከ ሪቨር ድረስ ስለሚያውቅበት። በነፃ ቺፕ ጠረጴዛ ግን የክፈል ባዮች ዋና መከራከሪያ ይፈርሳል። እዚያ ማንም አይሸሽም። 5 ጥንድም፣ 6 ጥንድም፣ ኪንግና ጃክም 600ውን ይከተላል፤ የሚከተለው እሱን የሚያሸንፈው ብቻ ነው የሚለው ስጋት አይሠራም። መልሶ የሚያስጨምር ሲገኝም ብዙ ጊዜ እውነቱን ነውና ያለ ጸጸት ይጣላል። ማስጨመሩ ለማባረር ሳይሆን ለመሸጥ ይሆናል። በእውነተኛ ገንዘብ፣ በአነስተኛ ጠረጴዛ ደግሞ ቤቱ ከድምሩ እስከ 5 በመቶ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ በፍሎፕ የሚያልቅ ትንሽ ድምር እስከ ሪቨር ከሚጎተት ይሻላል፤ ይህም ለአስጨማሪዎቹ ይቆጠራል።

ኔትወርኩ ግን ለከፋዮቹ ይመሰክራል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር የዘንዘልማ ሰው አይረሳውም፤ ክፍት ሲሆንም መቆራረጡ አለ። ውርርድ ፊቱ ላይ እያለ ሰዓቱ ካለቀበት ጨዋታው ራሱ ካርታውን ይጥልበታል። ተርን ላይ መስመሩ ቢቋረጥ ኮል ያለው 430 ቺፕ ያጣል፣ ያስጨመረው 850።

መስመሩ ሳይቋረጥ ቀረ እንበል። አስጨመረ፣ በተኑ ተከተለ፣ ተርኑ ኪንግ ሆነ። መሐል ላይ 1,750፣ በእያንዳንዳቸው ፊት 9,150 አለ። እኔ ቼክ እላለሁ፤ በተኑ ከ1,000 በላይ ከወረወረ እጥላለሁ፣ ትንሽ ከሆነ አንድ ጊዜ እከፍላለሁ። 600 አውጥቻለሁና አሁን አልሸሽም ብሎ ሌላ 1,200 የሚወረውር ተጫዋች ከሆነ፣ ፍሎፑ ላይ 180ውን ከፍሎ ቢያይ ይሻለው ነበር።