ሮቦቱን የሚያጥበው ማነው?

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ በጠዋት ደወለልኝ። «ኧረ ቶሎ ድረስልኝ፣ ሮቦቱ ሞተ!» አለኝ። እዚህ ቢሾፍቱ የሆቴልና የሎጅ ፓምፕ፣ ቦይለርና የመዋኛ ገንዳ ዕቃ ስጠግን 11 ዓመቴ ስለሆነ እንዲህ ያለውን መርዶ ለምጄዋለሁ። ስደርስ «ሟቹ»፣ የመዋኛ ገንዳውን የሚያጸዳው ሮቦት፣ ስቶር ውስጥ፣ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮችና በባዶ የክሎሪን በርሜሎች መሀል ተጋድሟል።

ክዳኑን ከፍቼ ማጣሪያውን ሳወጣው መረቡ አይታይም። የጃካራንዳ አበባ፣ ቅጠል፣ የቁስል ፕላስተር፣ ዋናተኞች የሚቀቡት የጸሐይ ቅባት፣ ሁሉም ተላቁጦ እንደ ምርጊት ደርቋል። ገልብጬ ከሥር ያለውን ሽፋን ፈታሁ። ውሃውን የምትገፋዋ ትንሿ ማራገቢያ፣ እኛ ኢምፔለር የምንላት፣ በጸጉር ተጠፍራለች። የሹሩባ መቀጠያ ጸጉር ነው፤ እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ትቶልን የሚሄደው። በምላጭ እየቆረጥኩ፣ በወረንጦ እየጎተትኩ አንድ እፍኝ ሙሉ አወጣሁ። ማጣሪያውን በጎማ ውሃ አጠብኩና ሮቦቱን ወደ ገንዳው መለስኩት። አረፋውን ለቀቀ፣ ሰመጠ፣ መንገዱን ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ የአዲስ ሞተር ዋጋ ሊጠይቀኝ ተዘጋጅቶ ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ይህን ዕቃ የሚያጥበው ማነው? ላይፍ ጋርዱ «የአትክልተኛው ሥራ ነው» አለ። አትክልተኛው «የቴክኒክ ክፍል ነው» አለ። የቴክኒክ ክፍሉ ልጅ ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ «አውቶማቲክ እኮ ነው!» አለኝ።

ማሽን የምትገድል ቃል ይቺ ናት። ሮቦቱ ከሆዱ ሥር ቆሻሻ ውሃ ይስባል፣ በመረቡ ያጣራል፣ ንጹሑን በጀርባው ይተፋል። ወለሉና ግድግዳው ላይ አጣብቆ የሚይዘውም ይኸው ግፊት ነው። መረቡ ሲደፈን ግፊቱ ይደክማል፣ ግድግዳ መውጣት ያቅተዋል፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ ይልፈሰፈሳል። ያን ጊዜ «ሞተሩ ተቃጠለ» ይባላል። ግድግዳው በአልጌ ሲያዳልጥ ወይም ብሩሹ ሲያልቅም እንዲሁ ያደርጋል። አልጌው ደግሞ የሮቦቱ ጥፋት አይደለም፤ ክሎሪንና ፒኤች ያልለካ ሰው ጥፋት ነው። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው መሀል ይሁን። ክሎሪን በብዛት በምትጨምሩበት ቀን ሮቦቱን አውጡት፤ ጎማውንና ፕላስቲኩን ይበላዋል።

መብራትም የራሱ ጣጣ አለው። ግድግዳ ላይ ያለው 220 ቮልት ነው፤ ሮቦቱ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 30 ቮልት ነው። መሀል ላይ ያለችው ሳጥን፣ ትራንስፎርመር የምንላት፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ቀድማ የምትመታው እሷ ናት። ስለዚህ ስታብላይዘር ይኑራት። ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ትራቅ፣ ጥላ ሥር ትሁን፣ ኤሌክትሪክ ሲያሾልክ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ላይ ትሰካ። ሰው እየዋኘ ሮቦት ገንዳ ውስጥ አይግባ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ሮቦቱ ጭራሽ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉና ወደ ሮቦቱ የሚሄደውን ገመድ ከሳጥኗ ለዩ። ከዚያ ሳጥኗን ብቻዋን ሰክታችሁ መብራቷን እዩ። ያለ ገመዱ በርታ ከገመዱ ጋር የምትጠፋ ከሆነ ችግሩ ገመዱ ወይም ሞተሩ ጋ ነው። ብቻዋንም ካልበራች፣ ሶኬቱ ኃይል እንዳለው አረጋግጡ፤ ካለው በሽተኛዋ እሷ ናት። ይህን ለማወቅ እኔን መጥራት አያስፈልግም። (በገዛ እንጀራዬ ላይ አመድ እየነሰነስኩ መሆኔ አይጠፋኝም።)

ሮቦቱን በገመዱ እየጎተቱ ከውሃ ማውጣት የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ይቅር። በገመዱ ወደ ዳር አስጠጉት፣ ከዚያ እጀታውን ይዛችሁ አንሱት። ገመዱ ሲጠማዘዝ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ አውሉት፤ ይለሰልስና ይቃናል።

አንድ ባለሀብት «ሁለት ልጅ ቀጥሬ በብሩሽ ባስጠርግ አይሻለኝም?» ብሎኛል። ገንዳው ትንሽ ከሆነ እውነቱን ነው፤ ለማያጥብ ሰው ሮቦት አይገባውም። ለትልቅ ገንዳ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በእጅ ቫኪዩም ሲደረግ ቆሻሻው ወደ ፓምፕ ቤቱ የአሸዋ ማጣሪያ ይሄዳል፣ እሱን ለማጠብ በየጊዜው ባክዋሽ ይደረጋል፣ ውሃውም በቱቦ ይፈስሳል። ሮቦቱ ቆሻሻውን በገዛ ሆዱ ይይዛል። ውሃ በቦቴ ለሚያስመጣ ሆቴል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋውንም አስቡት። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያኔ የተገዛውን ሮቦት ዛሬ መተካት ማለት በዚህ ምንዛሪ መክፈል ነው። ለግዢ ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበስብ፣ ዕቃው ሲገባ ፎቶ የሚነሳ ድርጅት፣ አምስት ደቂቃ የምትፈጅ እጥበት ለማን እንደምትሰጥ አለመወሰኑ ያናድደኛል።

ሮቦት ስትገዙ ትርፍ ማጣሪያ፣ ብሩሽና ጎማ አብራችሁ ግዙ። የሥራ ድልድሉ ላይ የአንድ ሰው ስም ጻፉ፤ የሁለት ሰው አይሁን። ደሞዙ ላይም ትንሽ ጨምሩለት። ያ ሆቴል የአትክልተኛውን ስም ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሮቦቱ አልደወሉልኝም።