«ቤት ቁጭ ብለው የሠሩት»

የበዓል ባዛር በመጣ ቁጥር የምሰማት አንዲት አነጋገር አለች። «እማማ፣ ቤት ቁጭ ብለው የሠሩት አይደል? ቀነስ ያድርጉልኝ እንጂ!» ዘንድሮም እዚሁ ዓለም ገና፣ የጅማና የቡታጅራ መንገዶች ከሚለያዩበት ብዙም ሳይርቅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሰማኋት። የተባሉት ጎረቤቴ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሦስት ሌማትና አንድ መሶብ ይዘው ከፕላስቲክ ዕቃ ሻጮች አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሴትየዋ ለፕላስቲኩ ሳህን የተጠየቀችውን ሳታንገራግር ከፍላ፣ በሌማቱ ላይ ግን ሩብ ሰዓት ተከራከረች። ጎረቤቴም ቀነሱላት።

ማታ የልጅ ልጃቸው ደብተር አምጥታ ሒሳቡን ሠራን። ስንደዶው፣ አክርማው፣ የአለላው ቀለም፣ ባጃጁ፣ የቦታው ኪራይ። ቀጥሎ ድካሙ። አንዱ ሌማት ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት። ስናካፍለው የአንድ ሰዓት ሥራቸው ከአንድ ሲኒ የጀበና ቡና ዋጋ በታች ሆነ። እሳቸው ሳቁ። «ጊዜው እንደሁ ሳልሰፋም ያልፋል። የግፊት መድኃኒቴን ልጄን ሳልጠይቅ ከገዛሁ ይበቃኛል» አሉ።

እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። የግፊት መድኃኒት የየዕለት ነው፤ ገንዘብ አለቀ ተብሎ አይቋረጥም። ሌማቱ በዚህ ዋጋ ከተሸጠ ስንት ወር ያስኬዳል?

አዝኖ በሚገዛና ወድዶ በሚገዛ ሰው መካከል ያለውን ልዩነት ያየሁት አለርት ነው። በ1958 ዓ.ም. ዘነበወርቅ የተቋቋመው ይህ ማዕከል በሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ይታወቃል፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ለአጭር ሥልጠና ሄጄበታለሁ። በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ እጅ ሙቀትም ሕመምም ላይሰማው ይችላል። ጣት በመርፌ ቢወጋ ባለቤቱ የሚያውቀው ደሙን ሲያይ ነው። በበሽታው ተይዘው የነበሩ ሴቶች በእንዲህ ያለ እጅ ይጠልፉ ነበር፣ ያውም ጤነኛ ዓይንና ጣት ያለን እኛ የማንሞክረውን። ያገኘኋቸው ገዢዎች የሚያዩት ጥልፉን ነበር እንጂ ጣቱን አልነበረም።

ስለዚህ እናንተ ልጆችና የልጅ ልጆች ሆይ፣ እናቶቻችሁ ባዛር ሲወጡ ዋጋውን ቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉላቸው። ክርክሩንም እናንተ ያዙት፤ እነሱ ይሉኝታ አለባቸው። ጥልፍና ጥበብ የሚሸጡ ከሆነ አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ተመሳሳዩ ስንት እንደሚጠራ ጠይቁ። እናት ሞያዋን በርካሽ ስትሸጥ ያየች ልጅ ወስፌ ለመያዝ ብትሰንፍ አልፈርድባትም።

የነርስ ነገር ሆኖብኝ ስለ ጤናውም ልበል። ከ40 ዓመት ወዲህ የቅርብ ዕይታ እየደከመ ይሄዳል፤ ስፌት በቀን ብርሃን፣ በተስማሚ መነጽር ይሁን። ወገብ እንዳይታሰር በየመሀሉ ተነስቶ መንቀሳቀስ ነው። ወስፌ የወጋው ጣት ወዲያው በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዱ ካላስታወሱም ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ይጠይቁ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ደግሞ የጣት ስሜት ሊቀንስባቸው ስለሚችል ማታ ማታ እጃቸውን አገላብጠው ይዩ። ቁስል ካገኙ ወደ ሐኪም ይሂዱ፣ ሌማቱ ለሚቀጥለው በዓል ይደርሳል።