የተከራየ ጭብጨባ የህዝብ ድምፅ አይሆንም!

ህዝብ አስተያየቱን እንዲሰጥ የተጠራበት አዳራሽ ለዚያች ቀን የህዝብ ንብረት ነው። እዚያ ባለስልጣን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ነዋሪ ተነስቶ ይናገራል። ጠበቃ መቅጠር የማይችል፣ የባለስልጣን ስልክ ቁጥር በእጁ የሌለ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ ለማስነገር አቅም ያጣ ሰው ከባለሃብቱ ጋር እኩል የሚቆምባቸው ጥቂት ደቂቃዎች እነዚያ ብቻ ናቸው። እነዚህን ደቂቃዎች በገንዘብ የሚሞላ ኩባንያ ወንበር ተከራየ አይባልም፤ የህዝብን መብት ዘረፈ እንጂ!

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሆነውን እንመልከት። ለከተማዋ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ኢንተርጂ ኒው ኦርሊንስ የተሰኘው ኩባንያ በምስራቃዊው የከተማዋ ክፍል 128 ሜጋዋት የሚያመነጭ በጋዝ የሚሰራ የኃይል ማመንጫ ለመትከል ፈቃድ ጠየቀ። ወጪው ወደ 210 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ሲሆን፣ በመጨረሻ ከፋዩ በየወሩ የመብራት ሂሳብ የሚመጣበት ነዋሪ ነው። አካባቢው በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበት፣ ከቬትናም የመጡ ቤተሰቦችም በብዛት የሰፈሩበት ነው። ጭሱን የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው፤ መናገርም የነበረባቸው እነሱ ነበሩ።

የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 እና በፌብሩዋሪ 2018 በጉዳዩ ላይ ህዝብ ጠራ። በአዳራሹ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ካናቴራ የለበሱ ሰዎች ወንበሩን ይዘው ታዩ። ማመንጫውን የሚደግፍ ተናጋሪ በተነሳ ቁጥር ያጨበጭባሉ። በፌብሩዋሪው ስብሰባ ደግሞ አዳራሹ ሞልቷል ተብሎ ለመናገር የመጡ ነዋሪዎች ከበር ተመለሱ። በማርች 2018 ምክር ቤቱ 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ ፈቃዱን ሰጠ።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ነገሩ ተገለጠ። ዘ ሌንስ የተባለው የከተማዋ የዜና ተቋም ከባለ ካናቴራዎቹ ብዙዎቹ የተቀጠሩ ተዋንያን መሆናቸውን ይፋ አደረገ። ተቀምጦ ለማጨብጨብ ወደ 60 ዶላር፣ ተነስቶ የተሰጠውን ንግግር ለሚያሰማ ደግሞ 200 ዶላር ነበር ክፍያው። ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉም አስፈርመዋቸዋል። ሰዎቹን ያቀረበው ድርጅት ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ህዝብ በትዕዛዝ» እንደማለት ነው። ምግብ በትዕዛዝ፣ ልብስ በትዕዛዝ ሰምተናል፤ እነሆ ህዝብም በትዕዛዝ ይመጣል!

ኩባንያው የሰጠው መልስ ምን ነበር? እኛ ሰው ክፈሉ አላልንም፤ የቀጠርነው ድርጅት ሌላ ድርጅት ቀጥሮ ያደረገው ነው የሚል ነበር። ምክር ቤቱ ያቆማቸው መርማሪዎች ግን ኩባንያው ያውቅ ነበር፣ ወይም ማወቅ ነበረበት ሲሉ ደመደሙ። በ2019 ምክር ቤቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ፈቃዱንስ? ፈቃዱን አልነካውም! ማመንጫውም በ2020 ስራ ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። 210 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ ፕሮጀክት 5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከመቶ 2.4 ገደማ ነው። እቃው በእጁ ቀርቶ ገንዘብ ብቻ የተጠየቀ ሌባ ተቀጣ ይባላልን? ያ ቅጣት አይደለም፤ ዘግይቶ የተከፈለ ዋጋ ነው። ነገ ሌላ ኩባንያ ይህን አይቶ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውሸት ህዝብ ስንት እንደሚያወጣ።

ለመሆኑ በደሉ ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ ውሸት ወደ አዳራሹ ገብቷል። ምክር ቤት ሲሰበሰብ የሚፈልገው የክርክሩን ጥራት ብቻ አይደለም፤ ስንት ሰው ጉዳዩ እንደሚያሳስበው፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሚፈራ ማየት ይፈልጋል። የተከፈለው ሰው «የዚህ ከተማ ሰው ነኝ፤ ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ በመቀመጡ ብቻ ይመሰክራል። በሐሰት መመስከር ደግሞ በኢስላም ከታላላቅ ወንጀሎች ጋር የተቆጠረ ነው። ሁለተኛ፣ እውነት ከአዳራሹ ወጥቷል። ወንበር ቁጥሩ የተወሰነ ነው። የተከራየ ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችል የነበረ ነዋሪ ውጭ ቆሟል። ሶስተኛውና የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። አንድ ጊዜ የውሸት ህዝብ የታየበት አዳራሽ እውነተኛውንም ያስጠረጥረዋል። ነገ እናት ተነስታ ልጄ በአስም ታመመብኝ ስትል፣ ባለስልጣኑ በልቡ «ይህችስ ስንት ተከፈላት?» ይላል። ኩባንያው የገዛው የአንድ ቀን ጭብጨባ ቢሆንም ያበላሸው የሁሉንም ሰው ቃል ነው።

ለዚህ ድርጊት የሚቆሙ ሰዎች የሚያነሷቸው መከራከሪያዎች አሉ፤ አንሸሻቸውም። የመጀመሪያው፣ ኩባንያ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ማስታወቂያ ያስነግራል፣ ይህስ በምን ይለያል የሚለው ነው። ልዩነቱ ግልፅ ነው። ጠበቃ «የእገሌ ኩባንያ ጠበቃ ነኝ» ብሎ ይቆማል፤ ማስታወቂያም የባለቤቱን ስም ይይዛል። ሰሚው ማን እንደሚናገር አውቆ ይመዝናል። የተከራየው ታዳሚ ግን ዋጋ የሚያወጣው ማንነቱ እስከተደበቀ ድረስ ብቻ ነው። «ተከፍሎኝ ነው የመጣሁት» ብሎ ቢጀምር ኖሮ 200 ዶላሩን ማን ይሰጠው ነበር? ምስጢር እንዲጠብቅ ማስፈረሙ ራሱ የጥፋተኝነት ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው፣ ተቃዋሚዎችም ሰው ያስተባብራሉ፣ አውቶቡስ ያቀርባሉ የሚለው ነው። አዎ፣ ያስተባብራሉ! ማስተባበር ግን ሰው መከራየት አይደለም። ከየሰፈሩ በአውቶቡስ የመጣ ሰው በአውቶቡስ ወደዚያው ሰፈር ይመለሳል፤ ውሳኔው የሚያርፈውም በእሱ ላይ ነው። በአገራችን ለስብሰባ የውሎ አበል መክፈል የተለመደ ስለሆነ ጥያቄው ለእኛም ባዳ አይደለም። የቀን ስራውን ትቶ ለመጣ ሰው የትራንስፖርት ወጪውን መሸፈን ነውር የለበትም። መለኪያው ይህ ነው፦ ሰውየው የተለየ ሃሳብ ቢናገርም ገንዘቡን ያገኛልን? ካገኘ ወጪው ተሸፈነለት። ካላገኘ ግን የተገዛው ምላሱ ነው።

ሶስተኛው፣ እኛ ማንንም አላናገርንም፣ ወንበር ብቻ ነው ያስያዝነው የሚለው ነው። ይህን ያለ ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 የአሜሪካ ፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሐርቫርድ የህግ ትምህርት ቤት የኢንተርኔት አቅራቢዎች የደንበኞችን አጠቃቀም ማደናቀፍ ይችላሉ ወይ በሚለው ላይ ህዝብ ጠራ። ተከሳሹ ኮምካስት ነበር። አዳራሹ ቀድሞ ሞልቶ ብዙ ሰዎች ውጭ ቀሩ። ከተቀመጡት መካከል እንቅልፍ የወሰዳቸው በፎቶግራፍ ታዩ። ኮምካስትም ለሰራተኞቹ ወንበር እንዲይዙ ለሰዎች መክፈሉን አመነ። እንግዲህ የተኛ ሰው አልዋሸም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ተከሳሹ የችሎቱን ወንበር ገዝቶ ከሳሾቹን በር ላይ ካስቀረ፣ ዝምታውም ዘረፋ ነው።

የምንቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ግን እንለይ። የቤት ኪራይ ጨንቆት 60 ዶላር ተቀብሎ የተቀመጠው ሰው ጥፋት የለበትም አንልም፤ ሆኖም የዚህ ሁሉ ባለቤት እሱ አይደለም። የድሃን ችግር ተጠቅሞ በሌላው ድሃ ላይ ያስመሰከረው ከፋዩ ነው። ጣታችን ወደ ካናቴራው ሳይሆን ካናቴራውን ወዳሳተመው ይቀሰር!

መፍትሄውም ሩቅ አይደለም። በህዝብ መድረክ የሚናገር ሁሉ ከመናገሩ በፊት የት እንደሚኖርና ለመምጣቱ የከፈለው አካል እንዳለ ያስመዝግብ። ውሳኔው በቀጥታ የሚነካቸው ነዋሪዎች ቀድመው ይግቡ፣ ቀድመው ይናገሩ። ቅጥር ታዳሚ በተገኘበት መድረክ ላይ ተመስርቶ የተሰጠ ፈቃድ ይሰረዝ፤ ህዝቡም እንደገና ይጠራ። ኩባንያ በንዑስ ተቋራጭ ጀርባ መደበቁ ይብቃ፤ በስሙ የተሰራውን ሁሉ ራሱ ይጠየቅበት። ከእነዚህ ሁሉ ዋናው ሶስተኛው ነው። ዘራፊ የዘረፈው በእጁ እስከቀረ ድረስ የትኛውም ቅጣት አያስፈራውም።

በአገራችንም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመፈቀዱ በፊት የህዝብ አስተያየት እንዲሰማ ያዛል። ህጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አዳራሹ ሞልቶ መታየቱ ህዝብ ተሰማ ማለት እንዳልሆነ ከኒው ኦርሊንስ እንማር። ፎቶግራፍ ተነስቶ፣ የተሰብሳቢ ፊርማ ተያይዞ «ህብረተሰቡ ተወያይቶበታል» የሚል ሪፖርት ስናይ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ማን ተወያየ? ማን አመጣቸው?» መሆን አለበት።

በአሜሪካ ከተሞች የምትኖሩ እህት ወንድሞቻችን ደግሞ ይህ በደጃችሁ ያለ ጉዳይ ነው። የመብራት ዋጋ፣ የፋብሪካ ቦታ፣ የቤት ግንባታ ፈቃድ የሚወሰንባቸው ስብሰባዎች ለእናንተም ክፍት ናቸው። ቀኑን ጠይቁ፣ ቀድማችሁ ተመዝገቡ፣ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ያያችሁትን መዝግቡ። ባዶ የተተወ ወንበር ተከራይ አያጣም። የኒው ኦርሊንስን ድራማ ያጋለጡትም ካናቴራዎቹን አይተው ዝም ያላሉ ነዋሪዎችና ጥያቄውን እስከ መጨረሻ የተከታተለ ጋዜጠኛ ናቸው።

ድምፅ ይሰማል እንጂ አይከራይም!